የፋብሪካ ጥይት እስኪመጣ

አባቴ ጥይትን ሁለት ቦታ ይከፍለው ነበር፤ የቤት እና የፋብሪካ። የቤት የሚለው በገዛ እጁ የሚሞላውን ነው። የተተኮሰውን ቀለህ ይለቅማል፣ ያሳጥባል፣ ባሩድ ይጨምርበታል፣ ከላይ እርሳስ ይደፍንበታል፣ እንደገና ጥይት ይሆናል። የፋብሪካ የሚለው ደግሞ ከመነሻው ተሠርቶ በካርቶን ታሽጎ የሚመጣውን፣ የመንደር ሰው እጅ ያልገባበትን ነው። ቤታችን ውስጥ የቤቱ ነበረ። የፋብሪካው አልነበረም፤ ይጠበቅ ነበር። እኔም አብሬ ጠበቅኩት። ሌላዋ ልጅ ባል ትጠብቃለች፣ ዘመድ ትጠብቃለች፤ እኔ የወጣትነቴን ደህናውን ጊዜ ጥይት ስጠብቅ ነው ያሳለፍኩት ብል የሚያምነኝ የለም።

መንደራችን ከአቦቦ ወጣ ብለው ካሉት የሰፈራ መንደሮች አንዱ ነው። ስም የለውም፤ ቁጥር ነው ያለው። በድርቁ ጊዜ ከወሎ ሲያመጡን ስም የሚያወጣለት ሰው አልተገኘም መሰለኝ፣ ቁጥሩ እንደተለጠፈበት ቀረ። እኔ የመጣሁት በእናቴ ጀርባ ላይ ነው። መታዘል ያለፈኝ ልጅ ነበርኩ፤ እናቴ ያዘለችኝ ግን ወድዳ አይደለም። በእኔና በእሷ መሃል፣ አንቀልባው ሥር፣ አባቴ ከአባቱ የወረሰው የጣልያን ሽጉጥ ነበር። ታማለች እንላለን፣ ሲፈትሹ የታመመ ልጅ ከጀርባ የሚያስወርድ ወታደር አይኖርም ብለው ነው። እውነትም አልነበረም። ሆዴን እየወጋኝ እዚህ ድረስ መጣሁ። እናቴ ከደረስን በኋላ ብዙ አልቆየችም፤ ወባ ወሰዳት፤ መርፌ የሚወጋ ሰው የት እንዳለ እንኳ የሚያውቅ አልነበረም። ከዚያ እኔ፣ አባቴና ሽጉጡ ቀረን። መንግሥት ተለውጦ ክልል ስንባል ወረዳው ሽጉጡን መዝግቦ ፈቀደለት። ለጥይቱ ግን የሚፈቅድም የሚከለክልም አላስፈለገም፤ ጥይቱ ራሱ የለማ።

ያን ጊዜ የክላሽ ጥይት ፈልጎ የሚያጣ ሰው አልነበረም። ከድንበር ማዶ ይመጣል፣ ከተበተነው ሠራዊት ይመጣል፤ ገበያ ውስጥ ከጨው ጎን ቢዘረጋም የሚገርመው ሰው አልነበረም። የአባቴ ሽጉጥ ግን የሚጎርሰው አጭር፣ ድብልብል ያለች ጥይት ነው፤ እሷን ደግሞ ጣልያን ከወጣ ወዲህ ወደ እኛ በኩል ያመጣት ያለ አይመስልም። አንድ ሾፌር ብቻ፣ ከአቦቦ ጋምቤላ፣ ከጋምቤላ ጎሬ የሚመላለስ፣ «ጅማ አንድ ሰው አለ፤ እሽጉን አመጣልሃለሁ» ብሎት ነበር። መቼ እንዳለው አላስታውስም። ከዚያ ወዲህ መኪናው በመጣ ቁጥር አባቴ ከመንደሩ ዳር ይቆማል፤ ሾፌሩም አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «በሚቀጥለው፣ ጋሼ!» ይለዋል። አባቴ እጁን አንሥቶ ያመሰግነዋል። ስላልመጣ ነገር ሰው ሲያመሰግን እንደ ማየት የሚያናድድ ነገር የለም።

እስከዚያው ይሞላል። ሲሞላ በር ይዘጋል። የጋምቤላን ሙቀት ያልቀመሰ ሰው በር ዘግቶ መቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ አይገባውም። ጎጆዋ መስኮት የላትም፤ ብርሃን የሚገባው በግድግዳው ስንጥቅ ነው፤ ከሣሩ ጣሪያ የሚወርደው ወበቅ ትከሻ ላይ ይቀመጣል። «በሩን ገርበብ ላድርገው?» ስለው «ሰው ያያል» ይለኛል። ማን ነው የሚያየው? መንደሩ በሙሉ የሚያደርገውን ያውቃል። ዶሮዎቹ ሳይቀሩ ያውቃሉ። ግን በሩ አይከፈትም።

የእኔ ሥራ ቀለህ ማጠብና ማየት ነበር። በአመድና በሎሚ አጥቤ፣ አድርቄ፣ አንድ በአንድ ወደ ስንጥቁ ብርሃን አነሣና አፉን አያለሁ። ቀለህ ደጋግሞ ሲተኮስ አፉ ይሰነጠቃል፣ ወገቡ ያብጣል። የተሰነጠቀ ሳገኝ «ይቺ ሞታለች» እላለሁ። «እስቲ ደግመሽ እያት» ይላል አባቴ። ደግሜ አያታለሁ፤ ሞታለች። አይጥላትም፤ ለብቻዋ ቆርቆሮ ውስጥ ያስቀምጣታል፤ ትድናለች ብሎ እንደሆነ እንጃ። ባሩዱንና መቀጣጠያውን ከየት እንደሚያመጣ አልነግራችሁም፤ እሱም አልነገረኝም፣ እኔም እስከዚያ ድረስ ማወቅ አልፈለግኩም። ሠርቶ የሚያወጣው ጥይት ግን መልኩ ብዙ ነበር፤ አንዱ ረዘም፣ አንዱ አጠር፣ የአንዱ አፍንጫ ጠመም ያለ። በረድፍ ሲያቆማቸው የቀበሌ ስብሰባ ላይ የተሰበሰቡ ሽማግሌዎች ይመስሉኝ ነበር። አንድ ቀን ይህን ብነግረው እንባው እስኪወርድ ሳቀ። አባቴ ሲስቅ ያየሁት ጥቂት ጊዜ ስለሆነ አልረሳውም።

የሚተኩሳቸው ዝንጀሮ ከበቆሎው ለማባረር፣ ለጥምቀት፣ ለሠርግ ነው። ብዙውን ጊዜ ይጮኻሉ። ሁለት ጊዜ ግን ከሽፈውበታል። አንዱ ሠርግ ላይ ነው። ሙሽራው ሲገባ አባቴ ሽጉጡን ወደ ሰማይ ቀስሮ ቢስበው፣ ቀጭ። ደግሞ ቢስበው፣ ቀጭ። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። «ሙሽራውም ዛሬ ማታ እንዲህ እንዳያደርገው!» ያለ ነበር፤ ይቺን ቀልድ ዓመቱን ሙሉ ሲቀባበሏት ከረሙ። በሁለተኛው ግን የሳቀ የለም። መንግሥት በተለወጠ ሰሞን አባቴ ከጋምቤላ ሲመለስ የተሳፈረበት የጭነት መኪና ጫካው መሃል ተኩስ ተከፈተበት። ማን እንደተኮሰ እስካሁን በእርግጥ የሚናገር የለም፤ ያን ሰሞን ሁሉም ሁሉንም ይፈራ ነበር። አባቴ ሽጉጡን አወጣ፣ ሳበ፣ ቀጭ አለ። ከጎኑ የተቀመጠው ሰው ሞተ። ይህን እሱ አልነገረኝም፤ ከመኪናው የተረፉት ናቸው ያወሩት። እሱ በእህል ጆንያ መሃል ተኝቶ አቦቦ ደረሰ፣ ከአቦቦ በእግሩ መጣ፣ ቤት ገባ፣ ከዚያ ወዲህ ከመንደሩና ከማሳው አልወጣም። ገበያ የምሄደው እኔ ነበርኩ፤ ያውም ከሰው ጋር፣ ያውም ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ የምመለስ ከሆነ።

እንዲህ ሆነን ሳለን ነው መምህሬ ወሬውን ይዞልን የመጣው። አቦቦ ያለውን ክፍል ሁሉ ጨርሼ ቤት ተቀምጬ ነበር። የሳይንስ መምህሬ ከጎሬ የመጣ ቀጭን ሰው ነው፤ ጭቃ የጠገበ ብስክሌቱን እየገፋ መጥቶ ደጃፋችን ላይ ቆመ። አዲሱ ክልል በየገጠሩ ለሚከፍታቸው ጤና ጣቢያዎች ጋምቤላ ከተማ ላይ ልጆች ሊያሠለጥን ነው፤ ማደሪያ አለው፣ ምግብ አለው፣ ሴት ደግሞ በጣም ይፈለጋል።

«ስምሽን ሰጥቻለሁ» አለኝ። «ግን ራስሽ በአካል መቅረብ አለብሽ፤ ከመስቀል በፊት። ካልቀረብሽ ቦታሽን ለሌላ ይሰጡታል።» ከዚያ ወደ አባቴ ዞረ። «ለሰፋሪ ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ቶሎ አይደርሳትም፣ አባቴ። አያሳልፏት።»

«እግዜር ይስጥልን፣ መልካም ነገር ነው» አለ አባቴ። «የፋብሪካ ጥይት ይምጣና እኔው ራሴ አደርሳታለሁ።»

መምህሬ ግራ ገባው። አባቴን አየ፣ እኔን አየ፣ ብስክሌቱን አየ። እኔ ግን ገባኝ። ጥይቱ በመጣ ጊዜ እሄዳለሁ ማለት ነው፤ ጥይቱ ደግሞ «በሚቀጥለው» ነው የሚመጣው።

ከዚያ ወዲያ ያለው ጊዜ እንዲህ ነበር። ነጭ ጋውን ለብሼ፣ ወባ የያዛት እናት አልጋ አጠገብ ቆሜ ራሴን በሐሳቤ አያለሁ፤ ዓይኔን ስገልጥ ቀለህ እያጠብኩ ነኝ። ሌሎች ልጆች በገበያ ቀን ጭነት መኪና ላይ ተንጠላጥለው ይሄዳሉ፣ ደርሰው ይመለሳሉ፣ ከጋምቤላ የገዙትን የፀጉር ጌጥ ያሳዩኛል።

«ሰው ሁሉ ይሄድ የለም እንዴ፣ አባባ?»

«ሰው ሁሉ ይሂድ።»

«ታዲያ እኛ የቤቱን ይዘን ብንሄድስ?»

«በቤት ጥይት መንገድ አይወጣም።»

ንግግራችን ይኸው ነው፤ ሰኞም ይኸው፣ ሐሙስም ይኸው። ተሸሽጌ ልሄድም ሞክሬያለሁ። አንድ ጠዋት ውኃ ልቀዳ ነው ብዬ ወጥቼ ጄሪካኑን ቁጥቋጦ ሥር ወርውሬ፣ ነጠላዬን ተከናንቤ መንገድ ዳር ቆምኩና መኪና አስቆምኩ። ያው የጥይቱ ሾፌር ነው። ዝቅ ብሎ አየኝና፣ «አንቺ የጋሼ ልጅ አይደለሽም? አባትሽ ለሁላችንም ነግረውናል፤ ያለ እሳቸው እንዳንጭንሽ» ብሎ አቧራ አልብሶኝ ሄደ። መንገዱ እዚያው ፊቴ ነው፤ ማንም አላሰረኝም፣ ማንም አልያዘኝም። ግን ወዴት? ጄሪካኔን ፈልጌ ውኃዬን ቀድቼ ተመለስኩ። ያን ቀን ማሽላ ስወቅጥ ሙቀጫውን ልሰብረው ምንም አልቀረኝ። አባቴ «ቀስ በዪ እንጂ» ሲለኝ «ሙቀጫም የፋብሪካ አለው እንዴ?» አልኩት።

ለሽያጭ ዓሣ እየያዘች የምትመጣ አንዲት የአገሬው ተወላጅ፣ አኙዋ ሴት ነበረች። በእግሯ ስለምትመጣ ስለ መንገድ የምጠይቀው እሷን ነው።

«መንገዱ ያስፈራል?» አልኳት አንድ ቀን።

ቅርጫቷን አወረደች። «በጣም ያስፈራል። እኛ እዚህ ሲመጣ ይፈራል። እናንተ መንደር ሽጉጥ አለ።» ወገቧን መታ መታ አደረገች። «አባት ያንቺ፣ ሁልጊዜ እዚህ ነው። እኔ ልጅ ቤት ትቶ ነው የመጣሁ። እዚህ ልጅ አላመጣም።»

ሳቄም መጣ፣ አፈርኩም። እኛ ይከሽፋል ብለን ከቤት የማንወጣበትን ሽጉጥ እሷ ፈርታ ልጇን ቤት ትታ ትመጣለች። ለአባቴ ነገርኩት። ዓሣውን እያገላበጠ «ልጇን ታምጣ በያት» አለኝ። በሚቀጥለው ስትመጣ ነገርኳት፤ ሳቀች፤ ልጇን ግን አላመጣችም። እኔ ብሆንም አላመጣም ነበር።

መስቀል ሲቃረብ ጎረቤታችን ሽማግሌው አረፉ። ከወሎ አብረውን የመጡ ናቸው። እናቴ በሞተች ጊዜ አባቴ ራሱ ወባ ጥሎት ይቃዥ ስለነበር መቃብሯን የቆፈሩት፣ ተሸክመው ያስቀበሯት እሳቸው ናቸው። በጉብዝናቸው ጊዜ የታወቁ ተኳሽ ነበሩ ይባላል። እንዲህ ያለ ሰው ሲቀበር በእኛ ዘንድ ይተኮሳል። ሳይተኮስለት አፈር ከለበሰ የሚተርፈው ቤተሰብ በሰው ፊት ቀና ብሎ አይሄድም። የመንደሩ ታጣቂዎች ደግሞ ያን ሰሞን ጠመንጃቸውን ለወረዳው መልሰው ነበር፤ መሣሪያ ያለው አባቴ ብቻ ሆነ። የሟች ልጅ መጥቶ ደጃፋችን ላይ ቆመ፤ ዓይኑ ቀልቷል።

«አያ፣» አለው፣ «አባቴን እንዲሁ በዝምታ እንዳልቀብራቸው።»

አባቴ በሩን ዘጋ። የሞላቸውን ጥይቶች ሁሉ አውጥቶ ጨርቅ ላይ ዘረገፋቸው። «ምረጪ» አለኝ። ሠርጉ ትዝ እንዳለው ገባኝ። ሠርግ ላይ ሲከሽፍ ሰው ይስቃል፤ መቃብር ላይ ሲከሽፍ የሚዋረደው ሬሳው ነው። እኔ ደግሞ ስለ ራሴ አሰብኩ።

«ሁሉንም ተኩሰህ ከጨረስካቸው እኔስ?»

«አንቺማ በፋብሪካው ነው የምትሄጂ» አለኝ፤ ቀና ሳይል።

ያኔ ነው ያረርኩት። ቢሆንም መረጥኩለት፤ እናቴን የቀበሩ ሰው ናቸው። ቀጥ ያሉትን ወደ ፊት፣ የምጠራጠራቸውን ወደ ኋላ አድርጌ ደረደርኩ። አባቴ የተጠራጠርኳቸውንም ጨምሮ ሁሉንም በኪሱ ከተተ፤ የከሸፉ ቢኖሩ ማካካሻ ይሆናሉ ብሎ ነው።

ቤተ ክርስቲያኗ ከመንደሩ ዳር ያለች የሣር ክዳን ናት። አስከሬኑ ወደ ጉድጓዱ ሲወርድ አባቴ ከሰዉ ነጠል ብሎ ሽጉጡን ወደ ላይ ቀሰረ። ትንፋሼን ያዝኩ። ሳበ፤ ጮኸ። የቤት ጥይት ጭሱ ብዙ ነው፤ አባቴ ለጊዜው ከትከሻው በላይ አልታይ አለኝ። ደግሞ ሳበ፤ ጮኸ። እንዲህ እያለ፣ እያጎረሰ እየተኮሰ፣ አንዱም ሳይከሽፍ ጨረሳቸው፤ እኔ የተጠራጠርኳቸው እንኳ አላሳፈሩትም። የሟች ልጅ መሬት ተደፍቶ የአባቴን ጉልበት ሳመ። «ወግ ነው፣ ወግ ነው» ይሉ ነበር ሽማግሌዎቹ። አባቴ ቀና ብሎ ቆሞ ነበር፤ ከጫካው ወዲህ እንደዚያ ቀና ብሎ አላየሁትም። እኔ በሰዉ እግር መሃል ጎንበስ ብዬ ቀለህ ለቀምኩ፤ ሥራዬ ነዋ። ቤት ገብቼ ወደ ብርሃን ሳነሣቸው የተረፈ የለም። ዓመታት ሙሉ እነዚያኑ ስንሞላ ኖረናል፤ አብረው አርጅተው አብረው አፋቸው ተሰነጠቀ። የቤት ጥይት የሚባለው ነገር ያን ቀን አበቃ።

ራት ቀርቦልን ሳለ ነገሩን ዝም ብዬ ላልፈው ብል አልቻልኩም።

«ሁሉም ተተኮሱ» አልኩ።

«ተመስገን።»

«አይታመኑም ስትል አልነበር?»

እጁን ወደ መሶቡ ሰደደ።

«ለሬሳ ሲሆን ይታመናሉ፣ ለእኔ ሲሆን አይታመኑም። ይሁን። ብሞት ለእኔም ትተኩስልኛለህ፤ እስከዚያው እዚሁ ቁጭ ልበል።»

እጁ መሶቡ ላይ ቀረ። የሚለኝን ጠበቅኩ፤ ቢቆጣኝ፣ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። ተነሥቶ ወጣ። በሩን ከኋላው አልዘጋውም። እኔም አለቀስኩ፤ ለሟቹ አልነበረም፤ ለራሴ ነው ያለቀስኩት።

ምዝገባው ሊዘጋ አንድ ገበያ ብቻ ቀርቶት ነበር። በዚያው ገበያ ማለዳ አባቴ ራስጌዬ መጥቶ ቆመ። ለቀብር የሚለብሰውን ወፍራም ኮት ለብሷል፣ ሽጉጡን ከሥር ታጥቋል።

«ተነሽ። ልብስሽን ያዢ።»

ብድግ አልኩ። «ጥይቱ መጣ?»

«ተነሽ አልኩሽ።»

የያዝኩት አንድ ቀሚስ፣ የእናቴን ነጠላና ደረቅ በቆሎ ነው። እየጠቀለልኩ ሳለ ነገሩ ተገለጠልኝ፣ ወይም የተገለጠልኝ መሰለኝ። ሾፌሩ ባለፈው ገበያ አልፎ ነበር። ያን ጊዜ ሰጥቶታል! ይዞት፣ ደብቆት፣ እኔ ስቃጠል እያየ ዝም ብሏል። ባልናገረው ኖሮ ምዝገባው እስኪያልፍ ሊያስቀረኝ ነበር። ደስ ሊለኝ ሲገባ ተናደድኩ። መንገድ ዳር እስክንደርስ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ሾፌሩ አባቴን ሲያይ አፉን ከፈተና መልሶ ገጠመው፣ መኪናውንም አቆመ።

ጭነቱ የጥጥ ጆንያ ነው። አባቴ በጫካው በኩል ተቀመጠ፣ እኔን በመሃል አደረገኝ፣ ቀኝ እጁን ከኮቱ ሥር አስገባ። ልጅ ያቀፈች አንዲት የመንደራችን ሴት ከማዶ እየተሳበች መጥታ አጠገባችን ተለጠፈች። «እኔስ መሣሪያ ካለበት ነው የምቀመጠው» አለች። ሌሎችም ቀረብ ቀረብ አሉ። መኪናው ጭቃ ውስጥ እየዋዠቀ ይሄዳል፤ ዛፉ ከሁለቱም በኩል ይዘጋል፤ ሰማይ የሚታየው በጠባብ ነው። ያን ያህል ዘመን የናፈቅኩት መንገድ ይኸው ነው ወይ አልኩ በልቤ። እንደ ጎጆአችን በሩ የተዘጋ ነው።

አንድ ቦታ ስንደርስ አባቴ ሳይናገር ትከሻዬን ያዘና ወደ ጆንያዎቹ መሃል ዝቅ አደረገኝ። ቦታውን አልጠየቅኩትም፤ ፊቱ ይናገር ነበር። ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠባል፣ ከንፈሩ ደርቋል፣ ዓይኑን ከዛፎቹ ላይ አያነሣም። እኔ ግን አልራራሁለትም። የፋብሪካ ታጥቆም ይፈራል እንዴ ነው ያልኩት በሆዴ። ያቺ ሴት ልጇን አቅፋ አንቀላፍታለች።

ከጫካው ስንወጣ ሰዉ ማውራት ጀመረ፤ አባቴ ግን እጁን ከኮቱ ሥር አላወጣም። ጋምቤላ መግቢያ ኬላው ላይ ሁላችንም ወረድን። ፖሊሱ ረጅም አኙዋ ነው፣ ወጣት፤ የደንብ ልብሱ ገና እጥፋቱ አልለቀቀም። የአባቴን ፈቃድ አይቶ መለሰለት።

«ደህና ነው፣ አባቴ። አሁን ጥይት አውጣ። ከተማ ውስጥ ጥይት ጎርሶ አይገባም።»

አባቴ አልተንቀሳቀሰም። ወደ እኔ አየ። «አንቺ ወደዚያ ሂጂ፣ ጥላው ሥር ቁሚ» አለኝ።

አልሄድኩም። ያን ያህል የጠበቅኩትን ጥይት ላየው ነበር የፈለግኩት። ምን ይመስላል? ያብለጨልጫል? አፍንጫው ቀጥ ያለ ነው? ሲያወጣው ዓይኑን ልመለከተውና አንድ ነገር ልለው ተዘጋጅቻለሁ።

ፖሊሱ እጁን ዘረጋ፤ አባቴ ሽጉጡን ሰጠው። ፖሊሱ ካዝናውን ሳበና ገለበጠው። በጣቱ ነካካው። የሽጉጡን ሆድ ከፍቶ ወደ ፀሐይ አዞረው፣ እኔ ቀለህ እንደማየው አድርጎ አየው።

«ጥይት የት አለ?»

«የለም።»

«ምንም የለም? ያ ሁሉ ጫካ፣ ባዶ ይዞ ነው የመጣህ?»

«አዎ።»

«ታዲያ ይሄ ለምን ይያዛል?»

አባቴ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ እኔ እንዳልሰማ ነው። ሰማሁት ግን።

«ልጅቷ እንዳትፈራ ብዬ ነው።»

ፖሊሱ አልሳቀም። ካዝናውን መልሶ ከተተና ሽጉጡን በሁለት እጁ ይዞ ሰጠው። ያቺ ልጅ ያቀፈች ሴት ከጎኔ ነበረች፤ አፏን በነጠላዋ ያዘች። እኔ ልለው ያዘጋጀሁት ነገር ሁሉ ጠፋኝ።

እስከ መመዝገቢያው ድረስ አብሮኝ ሄደ። ስሜን አገኙት፤ ቦታዬ አልተሰጠም ነበር። ወጥቼ ስነግረው ራሱን ነቀነቀና የኮቱን ኪስ ዳበሰ፣ የሚሰጠኝ ነገር እንዳለው ሁሉ፤ ምንም አልነበረውም። መኪናው ዕቃውን አራግፎ ወደ አቦቦ ሊመለስ ጥሩምባውን ይነፋ ነበር።

«በምን ትመለሳለህ፣ አባባ?» አልኩት።

«በመጣሁበት» አለኝ።

ግንባሬን ሳመኝ፣ ባዶው መኪና ላይ ወጣ። በጫካው በኩል ተቀመጠ፣ ቀኝ እጁንም ከኮቱ ሥር አስገባ። አጠገቡ የነበሩት ሰዎች ወደ እሱ ጠጋ ጠጋ ሲሉ አየሁ። መኪናው ከዓይኔ እስኪሰወር ቆምኩ፤ እሱ እንዳልፈራ ብሎ የደከመለትን መንገድ ያን ጊዜ ፈራሁት።